ድሮን ይዞ ጉዞ፦ ሻንጣው ከመዘጋቱ በፊት



የሰው ልጅ እንደ ወፍ ከፍ ብሎ ምድርን ለማየት ያለው ጉጉት ዛሬ የተጀመረ አይደለም። በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአንደሉስ ምድር ይኖር የነበረው ሊቅ ዐባስ ኢብኑ ፊርናስ ክንፍ አበጅቶ ከከፍታ ላይ ራሱን ወደ አየር መልቀቁን፣ ጥቂት ከተንሳፈፈ በኋላም አወራረዱ አልሳካ ብሎት ጀርባውን መጎዳቱን የታሪክ ጸሐፊዎች ዘግበውለታል። ወፍ መሬት ስትነካ በጭራዋ እንደምትታገዝ ልብ አላለም ነበር ይባላል። ከእርሱ በኋላ በ965 ገደማ በበስራ የተወለደው ኢብኑል ሀይሠም ደግሞ «ኪታቡል መናዚር» በተሰኘው ሥራውና በጨለማ ክፍልና በጠባብ ቀዳዳ ባካሄዳቸው ሙከራዎች የብርሃንንና የዓይንን ነገር መርምሮ፣ ዛሬ ካሜራ ለምንለው መሣሪያ መሠረት ከጣሉት ሰዎች አንዱ ሆኗል።

አንደኛው የተመኘው በረራና ሌላኛው የመረመረው ብርሃን በእኛ ዘመን ተገናኝተው በመዳፍ ላይ የምታርፍ ዕቃ ሆነዋል። ይህችም ዕቃ ብዙዎቻችን «ድሮን» በሚለው ስሟ የምናውቃት፣ ካሜራ የተገጠመላት ትንሽ ሰው አልባ በራሪ ናት። በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በዐረብ አገሮች የሚኖሩ ወጣቶቻችን ለዕረፍት ሲወጡ፣ ለሰርግ ወይም ለዒድ ወደ አገር ቤት ሲመጡ ከልብሳቸው ጋር አጣጥፈው የሚይዟት ዕቃ ሆናለች። ይሁን እንጂ በአንድ አገር መደብር ውስጥ ከመጫወቻ ጎን ተደርድራ የምትሸጠው ይህች ዕቃ በሌላ አገር ኤርፖርት ስትደርስ የስለላ መሣሪያ ተብላ ባለቤቷን ለእስር ልትዳርግ ትችላለች። ይህም ለማስፈራራት የተነገረ ሳይሆን በተደጋጋሚ የታየ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ተጓዡም ቤተሰቡም ነገሩን አስቀድመው እንዲያውቁት ለመርዳት ነው። በዘመናችን ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን እናስታውሳለን።

ዕቃዋ እንዴት ትሠራለች?

በገበያ ላይ የሚበዙት ለጉዞ የተሠሩ ድሮኖች ተጣጥፈው በኪስ ወይም በትንሽ ቦርሳ የሚያዙ ናቸው። አራት ሞተሮችና በእነርሱ ላይ የሚሽከረከሩ ቀጫጭን ክንፎች አሏቸው። የሞተሮቹን ፍጥነት በማለዋወጥ ወደፊት፣ ወደ ኋላ፣ ወደ ላይና ወደ ጎን ይሄዳሉ። ያሉበትን ቦታ ከሳተላይት በሚያገኙት መረጃ ይለያሉ፤ አብራሪውም ሪሞቱን ከሞባይሉ ጋር አገናኝቶ ካሜራው የሚያየውን በቀጥታ ይመለከታል። በአንድ ባትሪ በአየር ላይ የሚቆዩት ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው።

የቻይናው ዲ.ጄ.አይ. ኩባንያ በ2019 ማቪክ ሚኒ የተባለውን ድሮን 249 ግራም አድርጎ ያወጣው በአጋጣሚ አልነበረም። አሜሪካን ጨምሮ በብዙ አገሮች የምዝገባ ግዴታ የሚጀምረው ከ250 ግራም በመሆኑ፣ ከዚህ በአንድ ግራም ማነስ ገዢውን ከብዙ ጣጣ የሚያድን ነበር። የሚያሳዝነው ታዲያ ብዙ ተጓዦች ይህችን ቁጥር የዓለም ሁሉ ሕግ አድርገው መያዛቸው ነው። ጃፓን ከጁን 2022 ጀምሮ 100 ግራምና ከዚያ በላይ የሆነ ድሮን ሁሉ እንዲመዘገብ አድርጋለች። ብሪታንያም ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ መነሻውን ወደ 100 ግራም አውርዳዋለች። በሌሎች አገሮች ደግሞ ግራሙ ጨርሶ አይጠየቅም፤ የሚጠየቀው «ፈቃድ አለህ ወይ?» የሚለው ብቻ ነው።

መንግሥታት ለምን ይፈሩታል?

«አንድ ተራ ቱሪስት በመዳፍ የምትያዝ ዕቃ ቢያበርር ምን ይጎዳል?» የሚል ጥያቄ ከወጣቶች ይሰማል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱን ግን በጥበቃ ላይ ካለው ሰው ቦታ ሆኖ ማየት ያስፈልጋል። ጠባቂው ከሩቅ የሚያየው ሰማይ ላይ የምትንቀሳቀስ ነጥብ ብቻ ነው። ቱሪስት ይላካት ጠላት፣ ካሜራ ትያዝ ፈንጂ፣ ለይቶ የሚያውቅበት ጊዜ የለውም።

በዲሴምበር 2018 በለንደን አቅራቢያ በሚገኘው የጋትዊክ አውሮፕላን ማረፊያ ድሮን ታይቷል በመባሉ ብቻ 1,000 ያህል በረራዎች ተስተጓጉለው 140,000 ገደማ መንገደኞች ተጉላልተዋል። በሴፕቴምበር 2019 በሳዑዲ ዐረቢያ የአብቀይቅና የኹረይስ የነዳጅ ተቋማት በድሮንና በሚሳይል ተመትተዋል። በጃንዋሪ 2022 በአቡዳቢ ላይ በተፈጸመ ተመሳሳይ ጥቃት ሦስት ሰዎች ሞተዋል። እነዚህን ያየ መንግሥት ትንሿንም በጥርጣሬ ቢያይ አይደንቅም። እንዲያውም ሳዑዲ ውስጥ በኤፕሪል 2018 በሪያድ ኹዛማ ሰፈር የታየች አንዲት የመጫወቻ ድሮን በጸጥታ ኃይሎች ተኩስ ወድቃለች።

ከዚህም ሌላ የአደጋ ስጋት አለ። በጃንዋሪ 2025 በሎስ አንጀለስ ከባድ የሰደድ እሳት በተነሣ ጊዜ አንድ ሰው ጉዳቱን ለማየት ብሎ ትንሽ ድሮኑን ከ2,500 ሜትር በላይ አርቆ ሰደደ። ድሮኗ ከዓይኑ ከተሰወረች በኋላ ውኃ ሲረጭ የነበረ አውሮፕላን ክንፍ ላይ ገብታ ቀዳዳ አበጀችበት። እሳቱ ሰው እያፈናቀለ ሳለ ያ አውሮፕላን ለጥገና ከሥራ ውጭ ሆነ። ሰውየውም ጥፋቱን አምኖ ቢያንስ 65 ሺህ ዶላር የጥገና ወጪ ለመክፈል ተስማማ። ማየት ብቻ የፈለገ ሰው እሳት አጥፊውን አሰናከለ ማለት ነው።

ከእስር ቤት የተገኘ ትምህርት

በ2017 በምያንማር ዋና ከተማ በኔፒዶ ለቱርኩ ቲ.አር.ቲ. ወርልድ ቴሌቪዥን ሲሠሩ የነበሩ ሁለት ጋዜጠኞች በፓርላማው አካባቢ ድሮን አብርረዋል ተብለው ተያዙ። አንዱ የሲንጋፖር፣ ሌላዋ የማሌዥያ ሰው ነበሩ። አገሪቱ በቅኝ ግዛት ዘመን በ1934 የወጣ የአውሮፕላን ሕግ መዝዛ የሁለት ወር እስራት ፈረደችባቸው። እዚህ ላይ ልብ የሚባለው ነገር ከእነርሱ ጋር የታሠሩት እነማን እንደነበሩ ነው፤ የአገሩ ተወላጅ የሆነው አስተርጓሚያቸውና መኪና ይነዳላቸው የነበረው ሹፌር አብረው ተፈርዶባቸዋል። እንግዳው ሲሳሳት ዕዳው ለአስተናጋጁም ይተርፋል።

በ2019 ደግሞ ከአውስትራሊያ ተነሥተው ዓለምን ሲዞሩ የነበሩ ጥንዶች በኢራን ድሮን በማብረር ተይዘው በኤቪን እስር ቤት ከቆዩ በኋላ በኦክቶበር ተለቀቁ። በ2020 በዚያው በኢራን ከቱርክሜኒስታን ድንበር አካባቢ ድሮን አብርሯል ተብሎ የተያዘ አንድ ፈረንሳዊ ቱሪስት የገጠመው ከዚህ የባሰ ነበር። በስለላ ተከሶ በጃንዋሪ 2022 ስምንት ዓመት ከስምንት ወር ተፈረደበት። አገሩ የገባው በሜይ 2023 ነው። ለጥቂት ደቂቃ ምስል ሦስት ዓመት ያህል ከፈለ ማለት ነው።

ነገሩ የእስያ ብቻ እንዳይመስለን በአውሮፓም አለ። በፌብሩዋሪ 2015 የአልጀዚራ ባልደረቦች በፓሪስ ከተማ መናፈሻ ውስጥ ድሮን በማብረራቸው ተይዘው አንደኛው 1,000 ዩሮ ተቀጥቷል፤ ድሮኑም ተወርሷል። በአሜሪካም በ2014 አንድ ሆላንዳዊ ጎብኚ በየሎውስቶን ብሔራዊ ፓርክ ታዋቂው የፍል ውኃ ኩሬ ውስጥ ድሮኑ ወድቃበት 3,200 ዶላር እንዲከፍል ተደርጓል።

የአገሮች ሕግ በአጭሩ

ተጓዡ በመጀመሪያ ማወቅ ያለበት አገሮች በሦስት እንደሚከፈሉ ነው። አንደኞቹ በደንብ ይፈቅዳሉ፣ ሁለተኞቹ አስቀድሞ ፈቃድ ይጠይቃሉ፣ ሦስተኞቹ ዕቃዋ ድንበር እንድታልፍም አይፈልጉም።

ከመጀመሪያዎቹ ወገን የአውሮፓ ኅብረት አባል አገሮች ይገኛሉ። ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ በአንድ ደንብ የሚተዳደሩ ሲሆን፣ ድሮኗ ከ250 ግራም ብታንስ እንኳ ካሜራ ካላት ባለቤቱ መመዝገብ አለበት። ከኅብረቱ ውጭ የመጣ ሰው በመጀመሪያ በሚያበርርበት አገር ይመዘገባል፤ ያ ምዝገባ በሌሎቹም ይሠራል። የምዝገባ ቁጥሩ በድሮኗ ላይ ይለጠፋል። ከመሬት ከ120 ሜትር በላይ መውጣት፣ ከዓይን ማራቅና ሕዝብ በተሰበሰበበት ላይ ማብረር አይፈቀድም። የአብራሪው ዕድሜ በመነሻው 16 ዓመት ሆኖ አገሮች ዝቅ ሊያደርጉት ይችላሉ፤ ለልጃቸው ስጦታ የሚገዙ ወላጆች ይህን ይጠይቁ።

በአሜሪካ ለመዝናኛ የምትበርር ከ250 ግራም በታች የሆነች ድሮን ምዝገባ አይፈለግባትም፤ ሆኖም አብራሪው አጭርና ያለ ክፍያ የሚሰጥ የደኅንነት ፈተና ወስዶ ማስረጃውን መያዝ አለበት። ከፍታውም ወደ 120 ሜትር ገደማ ነው። በብሔራዊ ፓርኮች ውስጥ ግን ከ2014 ጀምሮ የተከለከለ ነው።

በዐረብ አገሮችና በጎረቤቶቻችን ዘንድ ሁኔታው ጠበቅ ያለ ነው። ሞሮኮ ከ2015 ጀምሮ ያለ ፈቃድ ድሮን ማስገባትን ከልክላለች፤ በጉምሩክ የተገኘውም ይያዛል። ግብፅ በ2017 ባወጣችው ሕግ ድሮን ማስገባትንም ሆነ መያዝን በመከላከያ ሚኒስቴር ፈቃድ ሥር አድርጋ ለተላላፊው የእስራት ቅጣት ደንግጋለች። ፒራሚዶቹን ከላይ ለማንሣት ተመኝቶ የሚሄድ ወጣት ይህን ሳያውቅ አውሮፕላን መሳፈር የለበትም። የተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች ከአቡዳቢው ጥቃት በኋላ በጃንዋሪ 2022 የመዝናኛ በረራን በሙሉ አግደው፣ ከ2024 መጨረሻ ጀምሮ እገዳውን በደረጃና በቅድመ ሁኔታ ማላላት ጀምረዋል። በኬንያም የሲቪል አቪዬሽኑ ፈቃድ ያስፈልጋል።

በሳዑዲ ዐረቢያ ድሮን ለማብረር የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣኑ ምዝገባና ፈቃድ ግድ ነው። ለሐጅና ለዑምራ የሚሄድ ሰውማ ይህችን ዕቃ ቤቱ ትቷት ቢሄድ ይሻለዋል። ሐረም በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ የሚጨናነቅበት ስፍራ ነው። እዚያ ላይ የምትወድቅ ግማሽ ኪሎ እንኳ የማትሞላ ዕቃ ድንጋጤና መረጋገጥ ልታስከትል ትችላለች። ከሁሉም በላይ ሰው ለዒባዳ ሄዶ ልቡ ሰማይ ላይ ካለች ካሜራ ጋር ከተንጠለጠለ የሄደበትን ነገር ያጣዋል።

ሕግ ይለዋወጣል። ከላይ ያሉት ለግንዛቤ እንጂ ከጉዞ በፊት የመጨረሻ መልስ ሆነው እንዳይወሰዱ። መልሱ የሚገኘው ከሚሄዱበት አገር ኤምባሲ፣ ከሲቪል አቪዬሽኑና ከጉምሩኩ ነው። «ማሽኗ ከተነሣችልኝ ተፈቅዷል ማለት ነው» የሚለውም አስተሳሰብ አይሠራም። ዲ.ጄ.አይ. በተከለከሉ ቦታዎች ድሮኑን አላስነሣ ይል የነበረውን ቁልፍ በጃንዋሪ 2025 በአሜሪካ አንሥቶ በማስጠንቀቂያ ተክቶታል። አሁን ቁልፉ በአብራሪው ኅሊና ውስጥ ነው።

ወደ አገር ቤት ሲመጣ

በኢትዮጵያ ድሮን ለማስገባትና ለመጠቀም የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር፣ በተለምዶ «ኢንሳ» የምንለው መሥሪያ ቤት፣ ፈቃድ ያስፈልጋል። ያለ ፈቃድ ቦሌ የደረሰች ድሮን በጉምሩክ ትያዛለች። በመሆኑም ለወንድሙ ኒካሕ ወይም ለዒድ ሊመጣ ያሰበ ሰው ትኬት ከመቁረጡ በፊት ፈቃዱን ይጠይቅ። ፈቃድ ካላገኘ ዕቃዋን በያለበት ትቶ ይምጣ። ለሰርግ የግድ ካስፈለገም እዚሁ ፈቃድ አውጥቶ የሚሠራ ባለሙያ መቅጠር ይቻላል።

ፈቃድ ያለውም ቢሆን የሕዝቡን ስሜት መረዳት ይገባዋል። በአገራችን ከ2020 ወዲህ በተካሄዱት ጦርነቶች የታጠቁ ድሮኖች ጥቅም ላይ ውለዋል። በዚህ ምክንያት «ድሮን» የሚለው ቃል ለብዙ የገጠር ሰው ፎቶግራፍን አያስታውሰውም። ሰማይ ላይ እንደ ንብ የሚጮህ ነገር የሰማች እናት ልጆቿን ሰብስባ ወደ ቤት ብትሮጥ ፈርታ ነው፤ ፍርሃቷም ምክንያት አለው። ለእኛ ጨዋታ የሆነው ለጎረቤት ሽብር እንዳይሆን የአካባቢውን ሽማግሌዎችና አስተዳደር አስቀድሞ መንገር፣ ዕቃዋን በእጅ ማሳየት፣ ካልፈቀዱም መተው የጨዋ ሰው ወግ ነው።

ደጋው ላይ ሌላም ነገር አለ። አየሩ ሲሳሳ ሞተሮቹ ይበልጥ ይደክማሉ፤ ባትሪው ቶሎ ያልቃል። ለምሳሌ ሚኒ 4 ፕሮ የተባለው ሞዴል እንዲነሣ የተፈቀደለት እስከ 4,000 ሜትር ከፍታ ሲሆን፣ ራስ ዳሸን ደግሞ ከ4,500 ሜትር በላይ ነው። በተራራ ላይ ንፋሱም ድሮኗን ገፍቶ ሊወስዳት ይችላል። ትልልቅ አዳኝ አሞሮችም ድሮንን እንደ ተቀናቃኝ ቆጥረው ይመቷታል።

የባትሪው ነገር

ድሮኗ የምትሠራው በሊትየም ባትሪ ነው። ይህ ባትሪ ከተቀጠቀጠ ወይም ሁለቱ ጫፎቹ በብረት ከተገናኙ ሊቀጣጠል ይችላል፤ እሳቱንም ማጥፋት ከባድ ነው። በሴፕቴምበር 2010 ብዙ ሊትየም ባትሪ የጫነ አንድ የዩ.ፒ.ኤስ. የጭነት አውሮፕላን ከዱባይ እንደተነሣ እሳት ተነሥቶበት ወድቆ ሁለቱም አብራሪዎች ሞተዋል። ከጭነት ክፍል የሚነሣ እሳት ምን ያህል አስከፊ እንደሆነ ይህ አደጋ ለዓለም አሳይቷል።

ስለዚህ በዓለም አቀፉ የአየር ጉዞ ደንብ መሠረት ትርፍ ባትሪ በእጅ ሻንጣ እንጂ በጭነት አይገባም። መለኪያውም ዋት-ሰዓት ይባላል። አንድ ባትሪ እስከ 100 ዋት-ሰዓት ከሆነ ያለ አየር መንገዱ ልዩ ፈቃድ ይያዛል። ከ100 እስከ 160 የሆነ በአየር መንገዱ ፈቃድ ከሁለት ሳይበልጥ ይያዛል። ከ160 በላይ የሆነ መንገደኛ ሊይዘው አይችልም። ቁጥሩ በባትሪው ላይ ካልተጻፈ ቮልቱን በአምፒር-ሰዓት ማባዛት ነው። ለምሳሌ የሚኒ 2 ባትሪ 7.7 ቮልትና 2.25 አምፒር-ሰዓት በመሆኑ ሲባዛ 17 ዋት-ሰዓት ያህል ይሆናል፤ ከወሰኑ በእጅጉ ያነሰ ነው።

እያንዳንዱን ባትሪ በየራሱ ከረጢት ማድረግ፣ የብረት ጫፎቹን በፕላስተር መሸፈን፣ ሙሉ በሙሉ ከመሙላትም መቆጠብ ይመከራል። ያበጠ ወይም የተጋጨ ባትሪ ፈጽሞ ወደ አውሮፕላን አይግባ። ስለ ባትሪው ብዛትና ስለ ድሮኗ ራሷ አየር መንገዱ የራሱ ደንብ ሊኖረው ስለሚችል መጠየቅ አይከፋም።

«ይህችን ዕቃ አድርስልኝ»

ከዐረብ አገር ወይም ከአውሮፓ የሚመለስ ሰው ያለ አደራ ዕቃ አይመጣም። ዘመድ የዘመድ ዘመድ ሳይቀር «ለልጁ መጫወቻ ናት» ብሎ የታሸገች ካርቶን ያስይዛል። አማናን መወጣት ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ድንበር ላይ ሻንጣው ሲከፈት የሚጠየቀው ዕቃውን የላከው ሳይሆን የያዘው ነው። «የእኔ አይደለችም» የሚለው ቃል አያድንም፤ እንዲያውም ጥርጣሬውን ያባብሳል።

ስለዚህ አደራ ተቀባይ ካርቶኑ ፊቱ እንዲከፈት መጠየቁ ነውር አይደለም። አደራ ሰጪም ዕቃው ድሮን መሆኑን አለመደበቅ፣ የግዢ ደረሰኙንና የተቀባዩን ፈቃድ አብሮ መስጠት ግዴታው ነው። ወንድሙን ሳያውቅ ለእስር ወይም ለመጉላላት የሚዳርግ ሰው አማናን የበላው ራሱ ነው።

የሰው ገበና

እስካሁን የተነጋገርነው ስለ መንግሥት ሕግ ነው። ከመንግሥት ሕግ በፊት የነበረ ሌላ ወሰን ግን አለ። እርሱም የሰው ገበና ነው።

በ2024 የፓሪስ ኦሎምፒክ ሊጀመር ሲል የካናዳ የሴቶች እግር ኳስ ቡድን አንድ ባልደረባ የኒውዚላንድን ልምምድ በድሮን ሲቀርጽ ተያዘ። የፈረንሳይ ፍርድ ቤት በገደብ የስምንት ወር እስራት ፈረደበት። ቡድኑ ስድስት ነጥብ ተቀነሰበት፤ ዋና አሠልጣኟም ለአንድ ዓመት ታገደች። ይህ ሁሉ የሆነው ለኳስ ልምምድ ነው። ታዲያ የአንድ ቤተሰብ ግቢ ከኳስ ሜዳ ያንሳልን?

አጥር የሚሠራው እንዳይታይ ነው። ሴት እህቶቻችን በገዛ ግቢያቸው ሒጃባቸውን አውልቀው ፀጉራቸውን ይታጠባሉ፣ ልብስ ያሰጣሉ፣ ከልጆቻቸው ጋር ይጫወታሉ። አጥሩን ዘልሎ የገባ ሰው ሌባ ይባላል፤ ከአጥሩ በላይ ካሜራ የላከስ ምን ሊባል ነው? ሱረቱ ኑር ውስጥ ሳያስፈቅዱና ሳይሰላመቱ የሰው ቤት መግባት ተከልክሏል። ሱረቱል ሑጁራት ውስጥም የሌላውን ነውር መከታተልና መሰለል ተከልክሏል። የማስፈቀድ ሥርዓት ዓላማው ዓይን ያልተፈቀደለትን እንዳያይ መሆኑንም ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሐዲስ እንማራለን። ዑለሞቻችን ይህን ሲያስተምሩ በበር ስንጥቅ አጮልቆ ስለሚያይ ሰው ያነሡ ነበር። በዛሬ ጊዜ ስንጥቁ በሰማይ በኩል ተከፍቷል፤ አደቡ ግን ያው ነው።

ስለዚህ ወጣቱ ተራራውን፣ ወንዙን፣ ባሕሩን፣ የአላህን ፍጥረት ያንሣ። ሰፈር ላይ ግን ዝቅ ብሎ አያብርር። ሳያስበው የሰው ግቢ ከተቀረጸም ምስሉን ለሌላ አያሳይ፤ ያጥፋው። በዒድ ሶላት በተሰበሰበ ሕዝብ ላይ ማብረርም ምስሉ ቢያምርም አደጋው ያመዝናል። አባወራዎችና እናቶችም ልጃቸው ድሮን እንዳለው ብቻ ሳይሆን ምን እንደቀረጸበት ይጠይቁ።

ድሮን በራሱ ክፉ ዕቃ አይደለም። በሩዋንዳ ከኦክቶበር 2016 ጀምሮ ዚፕላይን የተባለው ድርጅት በድሮን ደም ወደ ገጠር ሆስፒታሎች ያደርሳል፤ በመኪና ብዙ ሰዓት የሚፈጀው መንገድ ወደ ደቂቃዎች አጥሯል። ዕቃው የያዘውን ሰው ይመስላል።

ለተጓዥ የሚጠቅሙ ነጥቦች

1. ትኬት ከመቁረጥ በፊት የሚሄዱበትን አገር ሕግ ይጠይቁ። በመንገድ ላይ የሚያድሩበት አገር ካለም የእርሱንም ይጨምሩ፤ ከኤርፖርት ከወጡ የዚያ አገር ጉምሩክ ያይዎታል።

2. ፈቃዱን፣ የግዢ ደረሰኙንና የምዝገባ ቁጥሩን በወረቀት አትመው ይያዙ። ሞባይል ባትሪው ሊያልቅ ይችላል።

3. በጉምሩክ አይደብቁ፤ ያስመዝግቡ። ዕቃዋ ብትያዝ በአደራ ተቀምጣ በመመለሻዎ እንድትሰጥዎ ይጠይቁ፤ ደረሰኝም ይቀበሉ።

4. ከቤተ መንግሥት፣ ከወታደር ሰፈር፣ ከድንበር፣ ከኤርፖርት፣ ከግድብና ከእስር ቤት ይራቁ። የማያውቁት አጥር ካዩ የወታደር ነው ብለው ይቁጠሩት።

5. በአዲስ አገር ሲያበርሩ ድሮኗ መነሻ ቦታዋን በትክክል መያዟን፣ ስትመለስ የምትወጣበት ከፍታም ከአካባቢው ፎቅና ዛፍ በላይ መሆኑን ያረጋግጡ። ከምትንቀሳቀስ ጀልባ ካስነሷት ልትመለስ የምትሞክረው ጀልባዋ ወደነበረችበት ውኃ መሆኑን አይርሱ።

6. ፖሊስ ካስቆመዎ ድሮኗን በእርጋታ ያውርዱ፤ አይሩጡ፣ አይሟገቱ። ምስሉን በችኮላ ማጥፋት ማስረጃ እንደመሰወር ሊቆጠር ይችላል። ወረቀትዎን ያሳዩ፤ ነገሩ ከከበደ ኤምባሲዎ እንዲጠራልዎ ይጠይቁ።

7. አብረዎ ላሉት ለሹፌሩ፣ ለአስጎብኚውና ለአስተናጋጅ ቤተሰቡ ሳይነግሩ አያብርሩ። እርስዎ ወደ አገርዎ ሲመለሱ እነርሱ እዚያው ይቀራሉ።

ውድ አንባቢያን፣ ካሜራ ሳይኖራቸው ዓለምን ዞረው ያዩትን የጻፉ፣ የሰሙትም ሁሉ በዓይነ ልቡናው እንዲያይ ያደረጉ ሙስሊም ተጓዦች ነበሩ። በ1325 ከጦንጃ ተነሥቶ ከሃያ ዓመት በላይ የተጓዘው ኢብኑ በጡጣ አንዱ ነው። ከጉዞ የሚገኘው ትልቁ ትርፍ ከሰው ጋር መተዋወቅ ነውና፣ ዕቃዋን መያዝ ካልተቻለ ጉዞው ምንም አይጎድልበትም። ከተቻለ ደግሞ በሕግና በአደብ ይሁን። አላህ ተጓዦቻችንን በሰላም አድርሶ በሰላም ይመልስልን። አሚን።